ጥፋቱ የመኪናዋ ወይስ የነጂው?

ጊዜው ኦገስት 1967 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ ይያዝልኝ።) በጀርመን አገር፣ በአይፍል ተራሮች ውስጥ፣ ኑርበርግሪንግ የሚባል የመኪና እሽቅድምድም ጎዳና አለ። ርዝመቱ በዚያን ጊዜ ከ22 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። ጫካውን እየሰነጠቀ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጥመለመላል፤ ኩርባዎቹ ከመቶ በላይ ናቸው። ስኮትላንዳዊው ጂም ክላርክ የመነሻ ቦታ ለመያዝ በተደረገው ማጣሪያ ይህን ጎዳና በ8 ደቂቃ ከ4.1 ሰከንድ ዞረው። ከእርሱ ቀጥሎ የተመዘገበው ሰዓት 9 ሰከንድ ያህል የዘገየ ነበር። የሰከንድ ሽራፊ አሸናፊና ተሸናፊ በሚለይበት ዓለም 9 ሰከንድ ማለት የትየለሌ ነው። በውድድሩ ዕለት ግን መኪናው ተበላሽታበት ገና በጥቂት ዙር ወጣ። ያ ሰዓት ግን በመዝገብ ቀረ።

ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ «ግራንድ ፕሪ ሌጀንድስ» የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ ለገበያ ቀረበ። ጨዋታው የ1967ን የፎርሙላ ዋን ዘመን እንዳለ ወደ ኮምፒውተር መስኮት ለማምጣት የተሠራ ነው። ኑርበርግሪንግም አለበት። የክላርክ ሎተስ 49 መኪናም አለችበት። ከጊዜ በኋላ የጨዋታው ብርቱዎች ያንን ጎዳና ከ8 ደቂቃ በታች መዞር ጀመሩ። በመኝታ ቤታቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሻያቸውን እየጠጡ፣ የጂም ክላርክን ሰዓት ሰበሩ።

እንግዲህ ምን እንበል? ከክላርክ ይበልጣሉ? እንዲህ ብሎ የሚከራከር ጤነኛ ሰው አይገኝም። ዕድል ነው፣ ማታለል ነው ብሎ ማለፍም አይቻልም። ያው ጨዋታ ለጀማሪው የመጀመሪያዋን ኩርባ እንኳ የማያሳልፍ ጨካኝ ነበርና። በመካከል አንድ የተማሩት ነገር አለ። ይህ ጽሑፍ የዚያን ትምህርት ታሪክ ይናገራል። ጥያቄው ጋራዥና ጎዳና በተገናኙበት ቦታ ሁሉ የሚነሣ ነው፦ መኪናዋ አልታዘዝ ስትል ጥፋቱ የማን ነው? የአሠሪዋና የአስተካካይዋ ወይስ የነጂዋ?

ጠባይ እንዴት ተለካ

መኪና በተፈለሰፈች በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ነጂዎች ስለ መኪናቸው የሚናገሩት ስለ ፈረስ እንደሚናገሩት ነበር። አንዷ ጨዋ፣ ሌላዋ ክፉ፣ ሦስተኛዋ ደንባራ ትባላለች። ለምን እንዲህ እንደሆነች ግን በቁጥር የሚያስረዳ አልነበረም።

ይህን ጠባይ ወደ ሒሳብ ካመጡት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሞሪስ ኦሊ ነው። ኦሊ በሮልስ ሮይስ ካገለገለ በኋላ በ1930 የጀነራል ሞተርስ ባልደረባ ሆነ። በካዲላክ ክፍል በሠራበት ጊዜ በአንዲት መኪና ፊትና ኋላ ወዲያና ወዲህ የሚዛወሩ ክብደቶች አንጠልጥሎ፣ የክብደት አቀማመጥና የሞላ ጥንካሬ አካሄዷን እንዴት እንደሚለውጡት እየሞከረ መዘገበ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የመኪና ሰዎች አፍ ላይ ያሉት «አንደርስቲር» እና «ኦቨርስቲር» የተባሉ ቃላት ወደ ምሕንድስና ቋንቋ የገቡት በዚያ ዘመን ሲሆን ስማቸው ከኦሊ ጋር ይነሣል።

ትርጉማቸው ቀላል ነው። ጎማ ላስቲክ ነው። ነጂው መሪውን ሲያዞር መሬት የነካው የጎማው ክፍል ይጠመዘዛል፤ ስለዚህ ጎማው ወደሚያመለክትበት አቅጣጫ በትክክል አይሄድም፤ ጥቂት ይንሸራተታል። የፊተኞቹ ጎማዎች ከኋለኞቹ ይልቅ ከተንሸራተቱ መሪውን ብታዞሩትም መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ኩርባው ውጭ እየገፋች ቀጥ ልትል ትፈልጋለች። አንደርስቲር ይህ ነው፤ እኛ «አልታጠፍ ባይ» እንበላት። የኋለኞቹ የበለጠ ከተንሸራተቱ ደግሞ ጭራዋ ይወጣና ካሰባችሁት በላይ ትታጠፋለች፤ ካልደረሳችሁባትም ዞራ የመጣችበትን መንገድ ትመለከታለች። ይህ ኦቨርስቲር ነው፤ «ጭራ ወርዋሪ» እንበላት።

መሐንዲሱ ይህን ጠባይ ለመለወጥ ብዙ መሣሪያ አለው። የፊቱን ሞላ ቢያጠነክር፣ ወይም መኪናዋ ወደ ጎን እንዳትጋደል የሚገታውን የፊት ዘንግ ቢያወፍር፣ በኩርባ ላይ ሸክሙ በውጭኛው የፊት ጎማ ላይ ስለሚበረታ መኪናዋ አልታጠፍ ባይነቷ ይጨምራል። ከኋላ ያንኑ ቢያደርግ ጭራ ወርዋሪ ትሆናለች። የጎማ ንፋስ፣ የጎማው ዘንበል ማለት፣ ከፊትና ከኋላ ፍሬን የትኛው ቀድሞ ይያዝ የሚለው፣ የዲፈረንሻሉ አጠባበቅ ሁሉ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የእነዚህ ድምር «የመኪናዋ ዝግጅት» ይባል።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ነጂው በእግሩ ያንኑ ሥራ በቅጽበት መሥራት ይችላል። ፍሬን ሲይዝ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ይወድቃል፤ የፊት ጎማዎች መሬቱን ይጨብጣሉ፣ የኋላዎቹ ይቀላሉ። ኩርባ መካከል ደንግጦ እግሩን ከነዳጁ ላይ በድንገት ቢያነሣ የቀለለው ጭራ ይወጣል። ፍሬኑን እስከ መጨረሻው እንደረገጠ መሪውን ቢያዞር ደግሞ የፊት ጎማዎች አቅም ለማቆም ስለዋለ ለመታጠፍ የሚተርፍ አይኖርም። የወር ደመወዙን በሙሉ ለቤት ኪራይ የከፈለ ሰው ለጤፍ የሚተርፈው እንደሌለ ማለት ነው። ስለዚህ አንዲቱ መኪና፣ በአንዲቱ ኩርባ፣ በአንድ ሰው እግር አልታጠፍ ባይ፣ በሌላው እግር ጭራ ወርዋሪ ልትሆን ትችላለች። ጠባይዋ የእርሷ ብቻ አይደለም።

ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት

ይህን ለማየት ወደዚያው ወደ 1967 እንመለስ። በዚያ ዓመት የሎተስ ቡድን ሁለት ነጂዎች ነበሩት፤ ጂም ክላርክና ግራሃም ሂል። ሁለቱም የዓለም ሻምፒዮን ሆነው ያውቃሉ። መኪናቸውም አንድ ዓይነት ነበረች። በአነዳዳቸው ግን እጅግ ይለያዩ ነበር።

ሂል የማስታወሻ ደብተር ሰው ነበር። ምን ሞላ እንደተገጠመ፣ ዘንጉ ስንት እንደሆነ፣ ለየጎዳናው ምን እንደተለወጠ ይጽፋል፤ መካኒኮቹን ይህን አውጡ፣ ያንን አስገቡ እያለ ያደክማቸዋል። መኪናዋን እስክትስማማው ድረስ ይሠራታል። ክላርክ ግን መኪናዋን እንዳገኛት ይቀበላታል። ጉድለት ቢኖርባት እንኳ አነዳዱን እንደ ጉድለቷ እየለወጠ ሰዓቱን ያመጣዋል፤ በዚህም ምክንያት መሐንዲሶቹ ምን እንደጎደላት ከእርሱ አንደበት ለማወቅ ይቸገሩ ነበር ይባላል። እጁ ለስላሳ ነበር፤ ጎማውና የፍሬን ሸራው ከሌሎቹ ይልቅ ይቆይለት እንደነበር አብረውት የሠሩ ይመሰክራሉ።

ሎተስ 49 ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረችው በጁን 4 ቀን 1967 በሆላንድ፣ ዛንድቮርት ላይ ነው። የተገጠመላት አዲሱ ኮስዎርዝ ሞተር ከ400 የፈረስ ጉልበት በላይ ያወጣ ነበር፤ ጉልበቱም ቀስ በቀስ ሳይሆን ከተወሰነ ዙር በኋላ በድንገት የሚመጣ ነበር። በማጣሪያው አንደኛ የሆነው ደብተረኛው ሂል ነው። በውድድሩ እየመራ ሳለ ግን ሞተሩ ከዳው። ከኋላ የተነሣው ክላርክ ብዙም ያልሞከራትን መኪና ይዞ አሸነፈ። ክላርክ በዚያ ዓመት አራት የሻምፒዮና ውድድሮችን ሲያሸንፍ ሂል አንድም አላሸነፈም፤ የሻምፒዮንነቱን ዘውድ ግን የወሰደው የብራባሙ ዴኒ ሀልም ነው። የብራባም መኪና በጉልበት ከሎተስ ብታንስም እምነት የሚጣልባትና ለነጂዋ የምትመች ነበረች።

እንግዲህ በአንድ ዘመን ሦስት መልስ ተሰጠ። ሂል መኪናዋን ወደ እጁ አመጣ። ክላርክ እጁን ወደ መኪናዋ ወሰደ። ሀልም ደግሞ ከመጀመሪያው በምትስማማ መኪና ላይ ተቀመጠ። የትኛው ትክክል ነው? የዚያ ዘመን ሰዎች ይህን በነፃ መፈተን አይችሉም ነበር፤ ፈተናው በሕይወት የሚከፈል ነበርና። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ጣሊያናዊው ሎሬንሶ ባንዲኒ በሞናኮ መኪናው ተገልብጣ በእሳት ከተያያዘች በኋላ በቃጠሎው ሞተ።

ሳይሞቱ መማር

ሳይሞቱ መማር የሚለው ሐሳብ አስቀድሞ የመጣው ከአውሮፕላን ነው። አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ ያደገው የኦርጋንና የፒያኖ ፋብሪካ ባለው ቤተሰብ ነበር። የኦርጋኑን ወናፍ ተጠቅሞ ከመሬት ሳይነሣ የሚያጋድልና የሚወዛወዝ የበረራ መለማመጃ ሣጥን በ1929 ሠራ። መጀመሪያ ላይ የመናፈሻ መጫወቻ መስሎ ታየ። በ1934 የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች ፖስታ እንዲያመላልሱ ታዘው በጭጋግና በሌሊት እየወደቁ በሞቱ ጊዜ ግን ጦሩ መጥቶ ገዛው። ሲሙሌተር የምንለው ነገር በቁም ነገር የተወሰደው በሬሳ ምክንያት ነው።

መኪና ለዚህ ዕድል ርካሽ ኮምፒውተር እስኪገኝ መጠበቅ ነበረባት። በ1984 እንግሊዛዊው ጄፍ ክራሞንድ «ሬቭስ» የተባለውን ጨዋታ ቢቢሲ ማይክሮ ለተባለው ኮምፒውተር ሠራ። ያ ኮምፒውተር የነበረው ማኅደረ ትውስታ 32 ኪሎ ባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ በስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አይገባበትም። ክራሞንድ በዚያች ጠባብ ቦታ የሲልቨርስቶንን ጎዳናና የፎርሙላ 3 መኪናን ጠባይ አስገባ። ያማከረው እውነተኛ ተወዳዳሪ ነበር፤ የ1976ቱ የዓለም ሻምፒዮን የጄምስ ሀንት ወንድም ዴቪድ ሀንት።

ከዚያ በፊት በነበሩት የመጫወቻ አዳራሽ ጨዋታዎች መኪናዋ መንገዱ ላይ የተለጠፈች ያህል ነበረች፤ ነጂው የሚሳሳተው ከሌላ ጋር ሲጋጭ ብቻ ነው። በሬቭስ ግን ተጫዋቹ ብቻውን፣ ማንም ሳይነካው፣ በራሱ እግር ስሕተት ዞሮ ሣር ላይ ይቀመጥ ጀመር። የፊቱንና የኋላውን ክንፍ ማስተካከልም ይችላል። የኋላውን ክንፍ ቢቀንስ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ይፈጥናል፤ ዋጋውን ግን በኩርባ ላይ በጭራው ይከፍላል። ክራሞንድ በ1991 ባወጣው የፎርሙላ ዋን ጨዋታ ደግሞ የማርሽና የፍሬን ምርጫ ታከለ።

በአትላንቲክ ማዶ ዴቭ ኬመርና ኦማር ኩዳሪ ያቋቋሙት ፓፒረስ የተባለ ድርጅት በ1989 የኢንዲያናፖሊስ 500ን ውድድር የሚመስል ጨዋታ አወጣ። ኢንዲያናፖሊስ ላይ መታጠፍ ወደ ግራ ብቻ ነው። ስለዚህ መኪኖቹ ሆን ተብሎ ይንጋደዳሉ፤ የቀኙ የኋላ ጎማ ከግራው ጥቂት እንዲገዝፍ ይደረጋል። ይህ እንግዳ ከመሰላችሁ የቡና ስኒ በጎኑ አስተኝታችሁ አንከባልሉ። ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ አፉ ከመቀመጫው ይሰፋልና ወደ ጠባቡ በኩል ይዞራል። መኪናዋም እንዲሁ መሪ ሳይነካ ወደ ግራ ትታጠፋለች። ተጫዋቹ ይህን ልዩነት በገዛ እጁ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። አብዝቶት እንደሆነ ጭራው ይነግረዋል።

ፓፒረስ በ1990ዎቹ ባወጣቸው ጨዋታዎች ተጫዋቹ ጋራዥ ሲመለስ የየጎማውን ሙቀት በሦስት ቦታ ያነባል፤ በውስጥ፣ በመካከልና በውጭ። መካከሉ ከዳርና ዳሩ ከጋለ ንፋሱ በዝቷል። የውስጡ ጠርዝ ብቻ ከጋለ ጎማው ከልክ በላይ ዘንብሏል። እውነተኛ ቡድኖች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ደብተር ይዘው ቁጥር የሚመዘግቡ ወጣቶች በየቤቱ ተፈጠሩ፤ ትንንሽ ግራሃም ሂሎች።

በዚሁ ዘመን ሆላንዳዊው የዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ምሁር ሃንስ ፓቼይካ ከቮልቮ መሐንዲሶች ጋር ሆነው የጎማን አጨባበጥ በአንድ ቀመር ለመግለጽ ይሠሩ ነበር፤ በ1987ም ይፋ አደረጉት። ቀመሩ «አስማተኛው ቀመር» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ከጎማው ተፈጥሮ ተነሥቶ ሳይሆን የተለካውን ውጤት በሚያስገርም ትክክለኛነት በመከተሉ ነው። የሚያሳየው እውነት ይህ ነው፦ ጎማ ጥቂት ሲንሸራተት አጨባበጡ ያድጋል፤ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ይወርዳል። የፈጣን ነጂ ጥበብ በዚያ ጫፍ ላይ መቆየት ነው። ሲሙሌተርም ይህን ጫፍና ከጫፉ በኋላ ያለውን ቁልቁለት ካልቀረጸ የሚያስተምረው ነገር አይኖረውም።

ለጀማሪ የማይራራው ጨዋታ

«ግራንድ ፕሪ ሌጀንድስ» የተሠራው በዚሁ በኬመር ቡድን ነው። የ1967 መኪኖች ክንፍ አልነበራቸውም፤ በፎርሙላ ዋን ክንፍ የመጣው በ1968 ነው። ጎማቸው ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር ቀጭን ነው፤ ጉልበታቸው ግን ብዙ ነው። ጨዋታውን የገዛ ሰው ሞተሩን አስነሥቶ ነዳጅ ሲረግጥ እዚያው ባለበት ይሽከረከራል። ሁለተኛ ይሞክራል፤ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ዛፍ ይጠብቀዋል። ብዙ ሰው ጨዋታው ተሳስቶ ተሠርቷል፣ እውነተኛ መኪና እንዲህ አትሆንም እያለ አማረረ። በገበያም ብዙ አልተሸጠም።

በትዕግሥት የቀሩት ሰዎች መጀመሪያ ያደረጉት ሁላችንም የምናደርገውን ነው፤ ጥፋቱን በመኪናዋ ላይ ጣሉ። ወደ ጋራዡ ገጽ ገብተው ሞላ አለሰለሱ፣ ዘንግ አወፈሩ፣ የጎማ ንፋስ ቀነሱ። መኪናዋ ግን ያው ናት። ቆይቶ የገባቸው ነገር የዚህ ታሪክ ማዕከል ይመስለኛል። አንድ ሰው አንዱን ዙር ከሌላው በሦስት ሰከንድ እያበላለጠ የሚነዳ ከሆነ፣ የለወጠው ሞላ ሦስት ዐሥረኛ ሰከንድ ይጨምርለት ወይም ይቀንስለት ሊያውቅ አይችልም። ሚዛኑ ራሱ ይወዛወዛልና። ስለዚህ አስቀድሞ መስተካከል ያለበት ነጂው ነው። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ፍሬን መያዝ፣ ወደ ኩርባው ሲገቡ ፍሬኑን በድንገት ሳይሆን እያላሉ መልቀቅ፣ ነዳጁን መሪው ወደ ቀጥታ በተመለሰ መጠን መጨመር፣ ጭራው ሲወጣ ሳይደነግጡ መሪውን ወደ ወጣበት አቅጣጫ መመለስ ተለመደ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ «ተሻለች»። አንዲት ቡሎን ሳትነካ።

ይሁን እንጂ ዝግጅት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ዲፈረንሻሉን እንውሰድ። ነጂው እግሩን ከነዳጁ ሲያነሣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ተሳስረው እንዲዞሩ ከተደረገ መኪናዋ ትረጋጋለች፤ ለመታጠፍ ግን ትለግማለች። ከተላላ በቀላሉ ትታጠፋለች፤ ጭራዋ ግን ለትንሽ ስሕተት ይወጣል። ፍሬኑን ቀድሞ ጨርሶ ወደ ኩርባው የሚገባ ሰው የላላው ይመቸዋል። ፍሬኑን ይዞ እስከ ኩርባው ልብ የሚዘልቅ ሰው በዚያው መኪና ይገለበጣል። ከሁለቱ ዝግጅቶች የትኛው ይበልጣል ተብሎ ሊመለስ አይቻልም፤ «ለማን?» ተብሎ ካልተጠየቀ በስተቀር።

ተጫዋቾች የፈጣኖቹን ዝግጅት እየገለበጡ መጠቀም ሲጀምሩ ይህ በግልጽ ታየ። በአንዱ እጅ ተአምር የሠራው ዝግጅት በሌላው እጅ የማይነዳ ሆነ። የተዋሱት ጫማ የባለቤቱን ሰዓት እንጂ የባለቤቱን እግር ይዞ አይመጣም። ከዚህ የተወለደው ልማድ እስከ ዛሬ የሲሙሌተር ሰዎች ሕግ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፤ ብዙ ዙር ንዳ፤ ጻፍ፤ ከዚያ ፍረድ።

እነሆ 8 ደቂቃ የተሰበረው በዚህ መንገድ ነው። ትዕግሥት ያበረታው እጅና ለዚያ እጅ የተሰፋ ዝግጅት ተገናኙ። ክላርክ ያልነበረው ሌላ ነገርም ነበራቸው። ጎማቸው የማያልቅ፣ ሞተራቸው የማያረጅ፣ ዛፉም የማይገድል ነበር። ጎዳናውን ሺህ ጊዜ ሊዞሩት ይችላሉ። ክላርክ በኤፕሪል 7 ቀን 1968 በሆክንሃይም በፎርሙላ 2 ውድድር ላይ መኪናው ከመንገድ ወጥታ ከዛፍ ጋር ስትጋጭ ሞተ። ዕድሜው 32 ነበር። ምክንያቱ ጎማ መተንፈሱ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። ማንኛዋንም መኪና እንዳገኛት የሚቀበለው እጅ ሊያርመው ያልቻለው ጉድለት ገጠመው። ቡድኑን ከሐዘን ያነሣውና የዚያን ዓመት ሻምፒዮን የሆነው ደብተረኛው ግራሃም ሂል ነው።

ከወንበር ወደ ጎዳና

ትምህርቱ ከመስኮት ወጥቶ በአስፋልት ላይ ይሠራል ወይ? ጃፓናዊው ካዙኖሪ ያማውቺ በ1997 መጨረሻ ያወጣው «ግራን ቱሪስሞ» በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ቤቶች ደርሶ ሞላና ዲፈረንሻል የሚሉ ቃላትን የልጆች ቋንቋ አድርጓቸው ነበር። በ2008 ኒሳንና ሶኒ ከዚህ ጨዋታ ፈጣኖች መካከል እውነተኛ ተወዳዳሪ የሚመለምል ውድድር ጀመሩ። የመጀመሪያው አሸናፊ ተማሪ የነበረው ስፔናዊው ሉካስ ኦርዶኔዝ ነው። በ2011 በለማን የ24 ሰዓት ውድድር በምድቡ ሁለተኛ ወጣ። በ2011 የተመረጠው እንግሊዛዊው ጃን ማርደንቦሮ በ2013 በዚያው ውድድር በምድቡ ሦስተኛ ሆነ። በአሜሪካም ኬመርና የቤዝቦል ቡድን ባለቤቱ ጆን ሄንሪ ያቋቋሙት፣ ጎዳናዎችን በሌዘር እየለካ የሚቀርጸው «አይሬሲንግ» በ2008 ሥራ ጀመረ። በእርሱ ላይ መንዳት የተማረው ዊልያም ባይረን የዴይቶና 500ን ውድድር በ2024ም በ2025ም አሸነፈ።

ስለዚህ መልሱ አዎን ነው። ኩርባን ማንበብ፣ ክብደትን በእግር ማዛወር፣ መኪናዋ ምን እያለች እንደሆነ ሰምቶ ለመካኒክ በትክክለኛ ቃል ማስረዳት ከወንበር ወደ ጎዳና ይሻገራል። የማይሻገር ግን አለ። በእውነተኛ መኪና ጭራው ሊወጣ ሲል ከዓይን በፊት የሚያውቀው ወገብ ነው፤ የመኝታ ቤት ወንበር ይህን አይናገርም። ፍርሃትም የለበትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌላ ሰው የለበትም።

በማርች 2015 ማርደንቦሮ በኑርበርግሪንግ ሲወዳደር ፍሉግፕላትስ በሚባለው ቦታ መኪናው ጉብታውን ስታልፍ አፍንጫዋ ወደ ላይ ተነሣ፤ ከመሬት ለቀቀች፤ አጥሩን ተሻግራም ተመልካቾች መካከል ወደቀች። አንድ ተመልካች ሞተ። ከአደጋው በኋላ በጎዳናው አንዳንድ ክፍሎች ላይ የፍጥነት ገደብ ተጣለ፤ በ2016 ጎዳናው ከተስተካከለ በኋላ ገደቡ ተነሣ። በ2023 የወጣው የማርደንቦሮን ሕይወት የሚተርክ ፊልም ይህን አደጋ ከለማኑ ድል በፊት እንደተፈጸመ አድርጎ አሳይቷል። በፊልሙ አደጋው ጀግናው ተነሥቶ የሚያሸንፍበት መሰናክል ሆነ፤ በእውነቱ ግን ድሉ ቀድሞ ነበር፤ ሞቱም ኋላ መጣ። ያ ሞት ለማንም ድል መሰናዶ አልነበረም።

ቦታው ያው የክላርክ ጎዳና መሆኑን አንባቢ አይዘንጋ። መኪናዋና ነጂው ሲካሰሱ ጎዳናው ዝም ብሎ ይቆይ ነበር፤ በመጨረሻ የታረመው ግን እርሱም ጭምር ነው።

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። የፈረሱን ጉልበት የካደ ተረት አይደለም፤ ጦርነት ውስጥ ካደረሰህ በኋላ የሚሆነው የአንተ ነው ለማለት ነው እንጂ። የሲሙሌተር ታሪክ በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። ፈረሱ ቢደናቀፍ ልጓሙን ይዞ የሚያስቸግረው እጅ የራስህ እንደሆነ አስቀድመህ መርምር። እጅህ መጽናቱን በብዙ ዙር ካረጋገጥህ በኋላ ግን ፈረሱን ለማከም አትዘግይ። ክላርክ የመጀመሪያውን፣ ሂል ሁለተኛውን ያውቁ ነበር። በመኝታ ቤት የተቀመጠው ወጣት ሁለቱንም መማር ይችላል፤ የዛፉን ዋጋ ሳይከፍል። ማታ መስኮቱን አጥፍቶ ጠዋት እውነተኛ መሪ ሲጨብጥ ግን ዛፉም፣ አጥሩም፣ ከአጥሩ ወዲያ የቆመው ሰውም በቦታቸው ናቸው።